ለተሰበሩ እግሮች ስለ ፈቀዱልን ስምንት ሰከንድ

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም ጉልበትዎን፣ ቁርጭምጭሚትዎንና ወገብዎን። ሰው ጤና ሲጠይቅ እስከ እግር ድረስ እንደማይወርድ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ የሠራሁት አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች ከሚውሉበት ኮሪደር አጠገብ ስለነበር ከማንም ሰው መጀመሪያ የሚታየኝ እግሩ ሆኗል። የእርስዎ ሁለቱም ደህና እንደሆኑ አምናለሁ፤ ደህና ሆነውም ይሰንብቱልኝ።

ማን እንደሚጽፍልዎ ግራ እንዳይገባዎ ራሴን ላስተዋውቅ። የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በስልክ «የኔ ልጅ»፣ በስብሰባ «ልጅቷ»፣ በክሱ ወረቀት ላይ ደግሞ «ባለሙያዋ» ይሉኛል። ጥፋተኛ እስኪፈለግ ድረስ በዚህ ቤት ባለሙያ ተብዬ ስለማላውቅ ለማዕረጉ ከልብ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ንቄዎት አይደለም። በደንባችን መሠረት ለክፍል ኃላፊዬ ብሰጠው፣ እሱ ለአስተዳደር፣ አስተዳደር ለጸሐፊዎ፣ ጸሐፊዎ ለእርስዎ ያደርሱት ነበር፤ ነገር ግን ከታች ቅሬታ ሆኖ የተነሳ ቃል ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ምስጋና ሆኖ እንደሚገኝ በዓይኔ ስላየሁ፣ የእኔም እንዲሁ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። በአጥንት ሕክምና ክፍል ኮሪደር ግድግዳ ላይ የወረፋ መጥሪያ ማሽን ተሰቅሏል። ታካሚው ሲገባ ቁጥር ይወስዳል፤ ተራው ሲደርስ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይበራና ሁልጊዜ ፈገግ ያለች የምትመስል የሴት ድምፅ «እባክዎ ወደ ውስጥ ይግቡ» ትለዋለች። በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ደርሶ በሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ካልተጫነ ማሽኑ ሰውየው የለም ብሎ ይደመድምና ቀጣዩን ይጠራል። ያለፈበት ሰው ሌላ ቁጥር ወስዶ ከጭራው ይሰለፋል። ያ የተወሰነ ጊዜ ቀድሞ ሃያ ሰከንድ ነበር፤ ለመድኃኒት ቤት የታሰበ ሲሆን፣ ማሽኑ ሲገዛ ማንም ሳያስብበት ለሁሉም ክፍል እኩል ታደለ። እግሩ እስከ ብሽሽቱ በጀሶ የታሰረ ሰው በሃያ ሰከንድ ክራንቹን ፈልጎ ብብቱ ሥር ቢያስገባ ጎበዝ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ጊዜዎ ውድ መሆኑን እያሰብኩ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃላት መንገድ። ኮሪደሩ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ጭናቸው ተሰብሮ በየሳምንቱ ይመላለሳሉ። እኚህ ሰው ለነርሷ የተናገሩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «እኔ ክራንቼን እስክይዝ እሷ ሌላ ሰው ትጠራለች። ትንሽ ብትጠብቀኝ ምን ትሆናለች?» ነርሷ ይህንን ለተረኛ ኃላፊዋ «ወረፋ እያለፋቸው ነው» ብላ አስተላለፈች። ተረኛ ኃላፊዋ ለክፍሉ ኃላፊ «ሰዎች በወረፋው ተማረዋል» አለች። የክፍሉ ኃላፊ ለአስተዳደር «የወረፋ ቅሬታ አለ» አለ። አስተዳደር ለእርስዎ «ወረፋው ዘግይቷል» አለ። እርስዎም ስልክ አንስተው ለእኔ «ማሽኑን አፍጥኚው» አሉኝ። ትንሽ ጠብቂኝ ብሎ ከመሬት የተነሳ ልመና ፎቅ ሲወጣ ቶሎ በይ ሆኖ ተመለሰ። በመካከል ያለ ማንም አልዋሸም፤ እያንዳንዱ ነገሩን ለአለቃው እንዲመች አድርጎ ጥቂት ጥቂት ላጠው እንጂ። በዚህ ቤት ዝርዝር ማቅረብ አለቃን ማድከም ነውና። እኔ የጋሼን ቃል በራሳቸው አንደበት የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደሰማሁት ከታች አለ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥያቄ። በዚያ ስልክ የማሽኑ ምኑ እንደዘገየ በትሕትና ጠይቄዎ ነበር፦ ቁጥር መስጠቱ ነው፣ ስክሪኑ ነው፣ ወይስ መጥራቱ? «ዝርዝሩ የእናንተ ነው እንጂ የኔ ነው እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ቅሬታውን ያቀረበው ማን እንደሆነ ብጠይቅ «ሕዝቡ» አሉኝ። የትኛው ሕዝብ ብል «ሕዝብ ሕዝብ ነው» ብለው የማያዳግም ትርጉም ሰጡኝ። እናቴ እንኳ በልጅነቴ ጨው ስትልከኝ ከየትኛው ሱቅ፣ ምን ያህል፣ ድፍኑን ወይስ የተፈጨውን እንደሆነ ነግራኝ፣ መልሼ እንድነግራት አድርጋ ነበር የምትልከኝ፤ እናቴ ግን ዳይሬክተር አልነበረችምና አይፍረዱባት።

መልስ ባጣሁ ጊዜ ራሴ ሄጄ ኮሪደሩን ልይ ብዬ ተነሳሁ። ከታካሚዎቹ አንዱን እንኳ ሳላናግር የክፍሉ ኃላፊ በር ላይ አቁሞ «ደሞ አንቺን ማን ላከሽ?» አለኝ፤ በማግስቱም አለቃን በመዝለል የቃል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ስደውልልዎ «ይኼ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ጥያቄ አታብዢ» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማርኩት አንድ ነገር ከመጠገን በፊት ሲበላሽ ማየት እንደሚገባ ነው፤ ሲበላሽ ያየውን ሰው እንዳላናግር ተከልክዬ፣ ሲበላሽ ወዳላየ ሰው እየተመላለስኩ ብጠይቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። ስለዚህ ማሽኑን አልነካሁትም። ምን እንደሚፈለግ ሳይነገረኝ አልነካም ብዬ በግልጽ ነገርኩዎ። የዛሬው ክሴ ሥሩ ይኸው እምቢታ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ዛሬም ብጠየቅ መልሴ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጀግንነትዎ። ማሽኑ የተገዛ ጊዜ «አንድ መሪ የማይከፍተው በር ሊኖር አይገባም» ብለው የይለፍ ቃሉን አስመዝግበው ወስደው ነበር። ያን በር ከፍተው ገቡና፣ እዚያ ካገኙት ብዙ የማይገባዎ ነገር መካከል አንድ የሚገባዎ ቁጥር፣ ሃያን፣ አግኝተው ስምንት አደረጉት። ለምን ስምንት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። አንድ ሰው ከቢሮው ሳይወጣ፣ አንድም ክራንች ሳያይ፣ የማያውቃቸው ሰዎች እንዲሮጡ በጣቱ ፈረደ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባም ተነስተው «አንዳንዱ ችግር የቴክኒክ ሳይሆን የቁርጠኝነት ነው፤ ልጅቷ ስትጠይቅ የከረመችውን እኔ ባለሙያ ሳልሆን በአንዲት ደቂቃ ራሴ ጨረስኩት» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡት ቆመው አጨበጨቡ፤ ደግነቱ ጤነኛ እግር ነበራቸው። ከዚያ በቀን የሚጠሩት ቁጥሮች እጥፍ እንደሆኑ የሚያሳይ ሥዕል ስክሪን ላይ አወጡ። እኔ እጄን አውጥቼ ከተጠሩት ውስጥ ስንቱ ሐኪም ፊት እንደደረሰ ጠየቅሁ። «ልጅቷ ዛሬም ጥያቄዋን ይዛ መጥታለች» አሉና ሰው ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምክንያቱም አንድ ሰው ስምንት ጊዜ ቢጠራና ስምንት ጊዜ ቢያልፈው በእርስዎ ሥዕል ላይ ስምንት ሰው ሆኖ እንደሚቆጠር፣ ከሳቁት ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ያውቁ ነበር።

አራተኛ። ይህን በአጭሩ ነው የምጽፈው፤ በረጅሙ ብጽፈው ትሕትናዬ ይከዳኛል። አንዲት ልብስ ሰፊ እናት እግራቸው በጀሶ ታስሮ ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ልጅቱ የታዘዘ መድኃኒት ልትገዛ ወጣ አለች። ቁጥራቸው ተጠርቶ ሳይደርሱ አለፈ። ሌላ ወሰዱ፤ ያም አለፈ። በሦስተኛው ተቀምጬ ብጠብቅ ነው የሚያልፈኝ ብለው ከወንበራቸው ተነስተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ጠበቁ። ፈገግተኛዋ ድምፅ ስትጠራቸው ተወርውረው ሄዱ። ወለሉ ገና ተወልውሎ ነበርና ክራንቹ ሸተት አለ። የወደቁት በቀኝ እጃቸው ላይ ነው። ልብስ የሚሰፉበት እጅ ነው፣ ክቡር ሆይ። እግራቸውን ሊያሳዩ መጥተው እጃቸውን ሰብረው ተመለሱ። ገና ከወለሉ ሳይነሱ፣ ሰው ከቦ «ቀስ፣ ቀስ፣ እጃቸውን አትያዙ!» እየተባባለ ሳለ፣ ያቺ ድምፅ ከራሳቸው በላይ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች። ተረኛው፣ ክንዱ የታሰረ ወጣት፣ ባለበት ቆሞ ቀረ። «በእሳቸው ላይ ተራምጄ ልግባ?» አለ ለማንም ሳይሆን።

«ማሽኑ ሰው ጣለ፣ ነይ!» ተብዬ የተጠራሁት ያኔ ነው። ያን ቀን ብቻ ማንም በዕዝ ሰንሰለት አላለፈም፤ ቀጥታ ተጠራሁ፣ በር ላይም ማን ላከሽ አልተባልኩም። ጋሼ ለነርሷ የነገሯትን ቃል ያኔ ራሳቸው ደገሙልኝ፤ «ምን ያስቸኩላታል፣ እሳት ተነሳባት?» አሉም ወደ ስክሪኑ በክራንቻቸው እየጠቆሙ። ልጅቱ መድኃኒቱን ይዛ ተመልሳ እናቷን መሬት ላይ ስታገኝ «ምነው እማዬ፣ እስክመጣ ብትጠብቂኝ!» ብላ ጮኸች። እናቲቱም «እኔማ እጠብቅ ነበር፤ እኔን ማን ይጠብቀኛል፣ ልጄ?» አሏት። ከዚህ በኋላ ማንም የሚፈለገው ግልጽ አልነበረም እንዳይለኝ።

ስልኩን አንስቼ ደወልኩልዎ። ስብሰባ ላይ ነበሩ።

አምስተኛ፣ ስለ ክሴ። እናቲቱ ከመውደቃቸው በፊት በአንዲት ደቂቃ ራስዎ የጨረሱት ሥራ፣ ከመውደቃቸው በኋላ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ያጨበጨበው አዳራሽ በሙሉ አሁን ማጨብጨቡን እንጂ ለምን እንዳጨበጨበ አያስታውስም። የደረሰኝ ወረቀት «ባለሙያዋ የሥራ ድርሻዋን በአግባቡ ባለመወጣቷ ታግዳ ተገቢው እርምጃ ይወሰድ» ይላል። የትኛውን ድርሻ? ከየትኛው አግባብ ጎድሎ? ተገቢው የቱ ነው? እንደለመዱት፣ ዝርዝሩ የእኛ ነው። እኔም እንደለመድኩት ይህንን ክስ እንደማንኛውም ብልሽት ልመረምረው ወሰንኩና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ ከመሰብሰቡ በፊት እርስዎ እንዲመልሱልኝ የተለመዱ ጥያቄዎቼን አቀርባለሁ። ብልሽቱ የታየው መቼ ነው? ከመታየቱ በፊት የተቀየረ ነገር አለ? የቀየረው ማን ነው? የቀየረው ሰው ምን እንደሚቀይር ያውቅ ነበር? ይኸው ሰው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሌላ ነገር ቢነካ ብልሽቱ ይደገማል? የመጨረሻውን ሳይመልሱ ቢያልፉት ቅር አይለኝም፤ መልሱን ኮሪደሩ በሙሉ ያውቀዋልና።

ስድስተኛና ዋነኛው። ማሽኑ ዛሬም በስምንት ሰከንድ ይሠራል።

ይህን ሲያነቡ እንደማያምኑ ስለማውቅ ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ እናቲቱ ወድቀው፣ እጃቸው ታስሮ፣ እኔ ታግጄ፣ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ማሽኑ ዛሬም በስምንት ሰከንድ ይሠራል። የእኔ የይለፍ ቃል በታገድኩ ቀን ተዘጋ። የክፍሌ ባልደረቦች እንዳይነኩት ታዘዙ፤ ምክንያቱም፣ በራስዎ አነጋገር፣ «ማስረጃ ነው፣ ባለበት ይቆይ»። እግራቸው የተሰበረ ሰዎች ሐሙስ እስኪደርስ ማስረጃዎን ለመጠበቅ እየሮጡ ነው። ብዙ ነገር አይቼ ተናድጄ አውቃለሁ፤ ይህ ግን የሚያናድድ አይደለም፣ የሚያቅለሸልሽ ነው።

አሁን ኮሪደሩ የራሱን መላ ፈጥሯል። ከአስታማሚዎች ጤነኛ እግር ያላቸው በየተራ በሩ ላይ ይቆሙና ቁጥር ሲጠራ ለማያውቁት ሰው ቁልፉን ይጫኑለታል፤ ባለቁጥሩ ኋላ በዝግታ ይደርሳል። እግዜር ይስጣቸው። በዚህም ምክንያት ማሽኑ ታካሚዎች ሁሉ በስምንት ሰከንድ እንደሚደርሱ እየመዘገበ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አጥንት የተሰበረ ሰው የመራመድ ፍጥነት በአመራርዎ ዘመን እንዴት እንደተሻሻለ የሚያሳይ ሥዕል እንደምናይ አልጠራጠርም። አስታማሚ የሌለው ሰው ግን፣ በር ላይ የቆመ ደግ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ዛሬም ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲጠራም ይወረወራል።

ሥራዬን እፈልገዋለሁ፤ ትሑት ለመምሰል ብዬ አልፈልገውም አልልም። ተምሬበታለሁ፣ እችለዋለሁ፣ ያለ ጥፋቴም አልለቀውም። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ነገር ግን ማሽኑ ሐሙስን አይጠብቅም፣ እርስዎ እንዲጠብቅ አላዘዙትምና። ስለዚህ ማንም እስከ ዛሬ ያላደረገልኝን እኔ ለእርስዎ ላድርግልዎ፤ የሚፈለገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምኑንም ሳልልጥ ልንገርዎ። የአጥንት ክፍሉ ማሽን አንድ ሰው ከጠራ በኋላ ሐኪሙ ራሱ «ቀጣይ» የሚለውን እስኪጫን ድረስ ሌላ ሰው እንዳይጠራ ይደረግ። ይኸው ነው። ሰከንድ አያስፈልገውም። ሃያን ካገኙበት ቦታ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ምርጫ ነው፤ የይለፍ ቃሉም በእጅዎ ነው። ባለፈው ጊዜ አንዲት ደቂቃና አንድ ጭብጨባ ፈጅቶብዎ ነበር፤ አሁን ያለ ጭብጨባው ይሞክሩት።

እግዜር የእርስዎን ትዕግሥት አብዝቶ፣ ለማሽንዎም ከዚያው ላይ ጥቂት እንዲያካፍልልን እየተመኘሁ፣ በማይጓደል አክብሮት እሰናበታለሁ።

ልጅቷ፣
በክስ ጊዜ ባለሙያዋ

ግልባጭ፦
ለአጥንት ሕክምና ክፍል ኮሪደር፣ ተቀምጠው ለሚጠብቁ ሁሉ። (እባካችሁ ለማንበብ ብላችሁ እንዳትነሱ።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ልልክ ስል ጸሐፊዎ ደወለችልኝ። ደረጃ ሲወርዱ ጉልበትዎ ዞሮ ማበጡን፣ ነገ ጠዋት አጥንት ክፍል እንደሚታዩ፣ እኔም ብታገድም «ሲስተሙን ለክቡር ዳይሬክተር እንዳመቻች» እንዳዘዙ ነገረችኝ። እግዜር ይማርዎ፤ ከላይ ስለ ጉልበትዎ ስጠይቅ ያለ ተንኮል ነበር። «ማመቻቸት ስትሉ ምኑን ነው?» ብዬ ብጠይቃት «ዝርዝሩን አልነገሩኝም» አለች። ስለዚህ ምንም አልነካሁም፤ የይለፍ ቃሌ እንደተዘጋ ነውና ብፈልግም አልችልም። ነገ በዋናው በር ይግቡ፣ እንደ ሰው ቁጥር ይውሰዱ፣ ክራንችዎንም ከብብትዎ አያውጡ፤ ያቺ ድምፅ ፈገግ ብላ ትጠራዎታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ራስዎ የመረጡት ነው።